የሰማውን የሚጽፍ ስልክ

ዓርብ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን ደብተር የያዝኩት የተማሪ ውጤት ልመዘግብበት ነበር። ዛሬ ግን ደስታዬን የምነግረው ሰው ቤት ውስጥ ስለሌለ ለወረቀት ልንገረው።

ማዕረግ ከሸነን ደወለች። ያለችኝ አንድ ልጅ እሷ ናት። እዚያ ግብርና ጽሕፈት ቤት ትሠራለች፤ ባሏ ዲንሳም እዚያው አስተማሪ ነው። ስንት ዓመት ጠብቀው አርግዛ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። በዚህ ሳምንት አልትራሳውንድ እንደምትነሣ ነግራኝ ስለነበር ስልኩ ሲጠራ ወዲያው አነሣሁት።

ይህ አሮጌ ስልኬ ድምፁ ከደከመ ቆይቷል። ሰው ከጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚያናግረኝ ይመስላል። "እማዬ" አለች። ቀጥሎ ያለውን ስልኩ በላው። "ወ..." የሚል ነገር ብቻ ደረሰኝ።

"ወንድ ነው?" አልኳት።

ዝም አለች። ደስታም አፍ ይይዛል። ቆይታ "ወንድ ነው" አለችኝ።

"ተመስገን! እሱ የወደደውን አደረገ። አንቺ ብቻ በርቺ፣ ደህና አድርገሽ ብዪ" አልኳት። ብዙ ነገር ጨመረች። "እሺ፣ እሺ የኔ ልጅ" አልኩ። ድምጿ ቀጥኖብኛል፣ ጉንፋን ሳይይዛት አልቀረም። ከዚያ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አልተነሣም። የሸነን ኔትወርክ ነገር!

አባቷ በሕይወት ቢኖር ዛሬ መንደሩን በእግሩ ዞሮ ይነግር ነበር። በእሱ ፈንታ እኔ ዞርኩ። ባለሱቁም፣ ጎረቤቶቼም፣ በር ላይ የቆመው ባለባጃጅም ሰምተዋል።

ስልክ ግን መቀየር አለብኝ። አያት የምትሆን ሴት በዚህ ስልክ አትዘልቅም።

ሰኞ፣ ጥር 19

ትምህርት ቤት ዕረፍት ላይ ስለሆነ ወደ ሰይፈዲን ሱቅ ወጣሁ። ሰይፈዲን ድሮ አማርኛ ያስተማርኩት ልጅ ነው። አሁን ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ስልክ ይሸጣል።

"ቲቸር፣ ዕድለኛ ነዎት! ይህ ገና መውጣቱ ነው። አምቦ ውስጥ ከእኔ በቀር የያዘው የለም" አለና ከካርቶኑ አወጣው።

ቀጭን ነው። ጀርባው ይለሰልሳል፣ ግን ከእጅ አያመልጥም። የስልኩን ስም ሦስት ጊዜ ነገረኝ፣ አልያዝኩትም። ከጎኑ ብየዳ ቤት አለ። ለነገሩ ብየዳው ለምሳ ቆሞ ነበር። ግን የዛሬ ልጆች ቃል ይውጣሉ።

ካሜራውን ከመንገዱ ማዶ ወደተቀመጠው ሎተሪ አዟሪ አዞረና በጣቱ ሲስበው፣ ሰውዬው የያዘው ትኬት ቁጥሩ ተነበበ። "ሂድ!" አልኩ ሳላውቀው። ሰይፈዲን ስልኩን ራሱ የሠራው ይመስል ኮራ።

"ጨለማ ውስጥ ያነሣል። ውሃ ውስጥ ቢወድቅ አይሞትም። መብራት ቢጠፋ እንኳ ባትሪው ያዘልቅዎታል።"

"ድምፁስ?" አልኩት።

"ድምፁማ!" ብሎ ዘፈን ከፈተ። በረንዳው ላይ የቆሙት ሰዎች ዞረው አዩን። ባለብየዳው ምሳውን ትቶ ብቅ አለ።

ከአሮጌው ትንሽ ይሻላል። ትንሽ።

ዋጋውን እዚህ አልጽፍም። ዕቁቤ እስኪደርሰኝ ላስብበት።

ዓርብ፣ ጥር 23

ለልጁ ነጭ ኮፍያ ጀመርኩ፣ ጠርዙ ሰማያዊ። እጄ ክሩን ሲሠራ ሐሳቤ ያን ስልክ ይመዝናል።

ካሜራው ለእኔ ምን ይሠራልኛል? ድሮ ቢሆን ምንም እል ነበር። አሁን ግን የሚነሣ ሰው እየመጣ ነው። ፊደሉን እንደልብ ማተለቅ ይቻላል፤ የተማሪ ደብተር ሲያርም ለኖረ ዓይን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደግሞ ሲደወል ከጀርባው ያለው መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል። ሰይፈዲን እንደ ጨዋታ ነው ያሳየኝ፣ እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ እሱን ወደድኩት። ለምን እንደሆነ እንጃ። ያምራል።

ይህን እያሰብኩ ቀና ስል ዶርቃስ ከፊቴ ቆማለች። ክው አልኩ። ዶርቃስ የግቢዬ ተከራይ ናት፤ ከሐዋሳ መጥታ እኛው ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች።

"እትዬ መንበረ፣ ሳንኳኳ ቆየሁ እኮ።"

"ቀስ ብለሽ ስታንኳኪ ማን ይሰማሻል?"

ሳቀች። ኮፍያውን አንሥታ አየችው። "ወንድ ነው!" አልኳት። አቅፋ ሳመችኝ።

ማዕረግ አሁንም ስልክ አታነሣም። "እንዴት ነሽ?" ብዬ ጻፍኩላት። "ደህና ነኝ" ብላ መለሰች። ያቺ ብቻ።

ማክሰኞ፣ ጥር 27

በጥድፊያ። ትምህርት ተጀመረ። ክፍሉ ሙሉ፣ መስኮቱ የማይዘጋ። ሃዊን ግሡ ምን ዓይነት ነው ብዬ ጠየቅኳት። "ተሳቢ" አለች። "ግሥ እንዴት ተሳቢ ይሆናል?" ብዬ አስቀመጥኳት። ክፍሉ ሳቀ። በእሷ መስሎኝ ነበር። ከጎኗ ያለችው ልጅ ተነሥታ ጮክ ብላ "ተሻጋሪ ነው ያለችው፣ ቲቸር" አለች።

የዘንድሮ ተማሪ ያጉረመርማል። አፉን ከፍቶ መናገር ማን ያስተምረው?

ሃዊ ቀኑን ሙሉ አላየችኝም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

ገዛሁት።

ሰይፈዲን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ቁጥሮቼን ሲገለብጥ ቆይቶ፣ ልወጣ ስል "ቲቸር፣ አንዲት የመጨረሻ ነገር" አለኝ። የሆነ ነገር ነካና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ መናገር ጀመረ። እኔ አፉን አላየሁም፣ የስልኩን መስተዋት ነበር የማየው። ፊደላት ተከታትለው መጡ!

"ቲቸር ይህ የሚናገሩትን በሙሉ ይጽፋል ደብዳቤ መጻፍ ሲሰለችዎት ዝም ብለው ይናገሩ።"

ነጠላ ሰረዝ የለም፣ አራት ነጥብ እንደነገሩ ነው። ግን አማርኛ ነው፤ ሀሁን ሳስተምር የኖርኩበት አማርኛ። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆች የሰሙትን ቃል በትክክል እንዲጽፉ ስጮህ ኖሬ፣ ይህች መዳፍ የምታህል ነገር ሳትለመን ትጽፋለች። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

"እርስዎ ሲናገሩም እኮ ይጽፋል፣ ይሞክሩት" አለ። ይህንንም ያወቅኩት ከመስተዋቱ ነው።

"እኔ እንኳ የምፈልገው አንተን እንዲጽፍ ነው" አልኩት። ጨዋታ መሰለው።

እሑድ፣ የካቲት 2

ቤተ ክርስቲያን ይዤው ሄድኩ። በነጠላዬ ሥር ከፈትኩት፣ ድምፅ የለውም፣ ማንም አላየ። ቄሱ ስለ ዘሪውና ስለ ዘሩ አስተማሩ። ነፋስ ሲነፍስ ጥቂት ቃል ይዘላል፤ "ጭንጫ" ያሉትን "ጭንቻ" ብሎታል። ቢሆንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከተልኩ። ከስንት ጊዜ ወዲህ ሙሉ ስብከት አነበብኩ፤ ሰማሁ ማለቴ ነው። ቄሱ ለካ ቀልደኛ ናቸው! ሰዉ ሲስቅ አብሬ ሳቅኩ። ሌላ ጊዜ ሰዉ ከሳቀ በኋላ ነው የምስቀው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ዛሬ ጉድለቱን ልፈትሽ አልኩ። ፍቅር ሲያሳውር ምዘና አይሆንም።

ዶርቃስን ከፊቴ አስቀምጬ አናገርኳት። ወደ ስልኩ ዞራ ስትናገር አንድ ቃል አይስትም። ወደ መስኮት ስትዞር ይደናገራል። "ዲባባ" ስትል "ዱባ" አለ፤ ሁለታችንም ሳቅን። ደግሞ ኦሮምኛ አያውቅም፣ ትልቁ ጉድለቱ ይህ ነው። የአምቦ ሰው አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሰዋል። ርዕሰ መምህራችን ኦቦ ቱፋ ጠዋት "አዴ መንበረ፣ አካም ቡልቴ?" ብለው እንዴት እንዳደርኩ ሲጠይቁኝ "አዳም ቡልቅ" ብሎ ጻፈ። "ገለቶሚ" ብለው ያመሰገኑኝን "ገላ ቶሎ" አደረገው። ተማሪ ቢሆን ኖሮ ወላጁን አስጠራ ነበር።

ከዚያ መደወያውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍቼ ሞከርኩት። ዶርቃስ ሁለት ጆሮዋን ያዘች። "እትዬ! ግቢው ተናጋ እኮ!"

ወጣት ናት፣ ጆሮዋ ስስ ነው። ለእኔ ልክ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ኮፍያውን ጨረስኩ። ሹራቡንም፣ የእግሩንም። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ በሸነን ሚኒባስ ላኩ። ከመላኬ በፊት ፎቶ አነሣኋቸው። ክሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ስፌቴ እንዲህ የሚያምር መሆኑን እኔም አላውቅም ነበር።

ራሴ ብሄድ ደስ ባለኝ። ግን ትምህርቱ ገና መጀመሩ ነው፣ መንገዱም አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነው። ስትወልድ ፈቃድ ወስጄ እከርማለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

በዓል ነው፣ ቤት ዋልኩ። የስልኩ መብራት ብልጭ ሲል ከጓዳ አየሁትና ሮጥኩ። ዲንሳ ነበር።

"ሃርሜ" አለ። እናቴ ማለቱ ነው፤ ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። ቀጥሎ ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅሎ ረጅም ነገር ተናገረ። ሁለቱንም እኩል አውቃለሁ፣ ዲንሳ ግን ሁለቱንም ያጉረመርማል። ይህ ስልክ ደግሞ በጥሪ ላይ ያለን ሰው ቃል አይጽፍም። ይህን ለሰይፈዲን እነግረዋለሁ። በመጨረሻ "ኮፍያ" የምትል ቃል ያዝኩ።

"ምን ያመሰግነኛል! ገና ሌላም እሠራለሁ" አልኩት።

ዝም አለ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ዓይን አፋር።

"ማዕረግን አቅርብልኝ" አልኩት። ተቋረጠ።

ሰኞ፣ የካቲት 17

የጾሙ መጀመሪያ። ክፍል ውስጥ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ፣ መጽሐፉን አስደግፌ አቆምኩት። ሰዓት የማይበት ይመስላቸዋል። ወደ ፊት ያሉትን አጥርቶ ይጽፋል። ኋላ ያሉትን ለመያዝ በወንበሮቹ መካከል ይዤው እዞራለሁ።

ሃዊን ጠየቅኳት። "ተሻጋሪ" ብሎ ጻፈ። "ጎበዝ!" አልኳት። ልጅቷ ፊቷ በራ። አነጋገሯን አሻሽላለች። እንዲያውም ክፍሉ ሁሉ አሻሽሏል።

ይህን ስልክ የሠራ ሰው እናቱ ትባረክ።

ዓርብ፣ የካቲት 21

ኦቦ ቱፋ ቢሯቸው ጠሩኝ። በሩን ዘጉ፤ ደስ አላለኝም። ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ሰማኋቸው።

"አዴ መንበረ፣ ስንት ዓመት አገለገሉ። ቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ ሰው ያስፈልገዋል። ጸጥ ያለ ቦታ ነው።"

"እኔ ጸጥታ መቼ ጠየቅኩ?"

"ሁለት ወላጆች መጥተው ነበር። ልጆቻችን የጠየቁትን አትመልስም ብለው።"

"ያ ጥር ላይ ነው። አሁን ይምጡና ይዩ!" ብዬ ተነሣሁ።

ሳልደማመጥ መውጣቴ አሁን ያሳፍረኛል። ኦቦ ቱፋ ክፉ ሰው አይደሉም። ቤተ መጻሕፍት! እኔ ተማሪ ሳላይ ውዬ?

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ማዕረግ አትደውልም። የምጽፍላትን ታየዋለች፤ መታየቱን ስልኩ በምልክት ያሳያል። ይህ ጥሩ ነገር ነው ስል ነበር። አይቶ ዝም ያለን ሰው ግን ባያሳይ ይሻል ነበር።

ምን አድርጌያት ይሆን? ኮፍያው ሳያምራት ቀርቶ ነው? ወይስ ሄጄ ስላልጠየቅኳት? እርጉዝ ሴት ሆደ ባሻ ናት።

ዶርቃስም እንደ ወትሮዋ አይደለችም። ግቢ ስንገናኝ "ሰላም ዋሉ" ብላ ወደ ክፍሏ ትገባለች። ትናንት የልጁን ነገር ሳነሣባት ዓይኗ እንባ ሞላ። የቤቷ ናፍቆት ነው። ከሐዋሳ ርቃ፣ ብቻዋን።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

አሁን ልጻፈው።

በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ውስጥ ደብተር አርም ነበር። ስልኩ ከክፍል እንደመጣሁ ከፊቴ ቆሟል፣ አላጠፋሁትም። ዶርቃስና ኦቦ ቱፋ ማዶ ባለው ጠረጴዛ ነበሩ። እኔ አንገቴን ቀና አላደረግኩም። መስተዋቱ ላይ ጽሑፍ ሲሄድ አየሁ።

"እስካሁን አልነገርኳትም።"

"ለምን?"

"በምን አፌ ልጇ ጽንሱ ከወረደባት ወር አለፈው ዲንሳ ሁለት ጊዜ ደወለልኝ የላከችውን የሕፃን ልብስ ደብቆታል እሷ ወንድ ነው እያለች ለመንደሩ ትነግራለች።"

"ያረቢ።"

"እንድትሰማኝ መጮህ አለብኝ ኦቦ ቱፋ እንዲህ ያለ ነገር ተጩሆ ይነገራል?"

ቀዩ እስክሪብቶ ከአንድ ልጅ ደብተር ላይ ቆመ። መጀመሪያ ያልኩት ይሳሳታል ነው። ዱባ ያለው ይህ ስልክ አይደለም? "ጽንሱ" ያለው "ጥንቱ" ሊሆን ይችላል፤ "ወረደ" ያለው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። በጣቴ ወደ ላይ ሳብኩና እንደገና አነበብኩ። የዶርቃስ ንግግር ነው። የዶርቃስን ንግግር አይስትም፤ ራሴ ፈትኜዋለሁ።

ከሦስት ሜትር የማይርቅ ወንበር ላይ ተቀምጠው በሙሉ ድምፃቸው ነበር የሚያወሩት። እንደማልሰማ ያውቃሉ። ሁሉም ያውቃል።

ደወሉ ተደውሎ ኖሮ ሰዉ ሲነሣ አየሁ። ተነሣሁ። ክፍል ገብቼ አስተማርኩ። ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ሥራ አልሄድኩም። ጠዋት የዶርቃስን በር አንኳኳሁ። ስልኩን ከፍቼ አልጋዋ ላይ አስቀመጥኩት።

"ትናንት ያላችሁትን አነበብኩ። አሁን ሁሉንም ንገሪኝ። አትጩሂ።"

አለቀሰች፤ ከዚያ ነገረችኝ። ያን ቀን ማዕረግ የደወለችው ከክሊኒክ አልጋ ላይ ነበር። "እማዬ፣ ወረደ" ነው ያለችኝ። እኔ "ወንድ ነው?" አልኳት። "ወንድ ነበር" አለችኝ። እኔም ተመስገን አልኩ።

ወንድ ነበር።

"ማዕረግ የሰሙ ነው የመሰላት፣ እትዬ። ሰምተው፣ አውቀው፣ ተመስገን ያሏት። ከዚያ ሳይሄዱ ሲቀሩ... ዲንሳ ግን የሕፃኑ ልብስ ሲደርሰው ገባው። ሊነግርዎት ደወለ፣ አልሰሙትም። በጽሑፍ መላክ ደግሞ ነውር መሰለው።"

ስልኩን አንሥቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ምሽት ላይ ለኦቦ ቱፋ ጻፍኩ። "ጆሮዬ አይሰማም። ሁለት ዓመት ይሆነዋል መሰለኝ። ልጄ ዘንድ መሄድ አለብኝ።" ስልኩ ላይ ከጻፍኩት ሁሉ ለመላክ የከበደኝ ይህ ነው።

ወዲያው መለሱ። "አዴ መንበረ፣ ይሂዱ። ክፍሉን እኔው እይዘዋለሁ። ሲመለሱ ስለ ሐኪሙ እንነጋገራለን።"

ስለ ቤተ መጻሕፍቱ አልጻፉም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ሸነን ሚኒባስ ውስጥ። ጉደር ላይ ቆመናል፣ ሹፌሩ ተሳፋሪ ይጠብቃል። ጽሑፌ ቢንገዳገድ አይገርምም።

ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ነገር ጀመረችኝ። ስልኩን አሳየኋትና "ወደዚህ ተናገሪ፣ እኔ አልሰማም" አልኳት። ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀላል። ሴትዮዋ ስልኩን እንደ ታቦት አየችው። እስካሁን ስለ ከብቶቿ ስትነግረው ቆየች፤ ግማሹን በኦሮምኛ ነው፣ እሱም የመሰለውን ይጽፋል።

ምዘናዬን ልጨርስ። ካሜራው እንደተባለው ነው። ባትሪው እንደተባለው ነው። ድምፁም ጥሩ ነው፤ ሰይፈዲንን አምቼዋለሁ፣ ስልኩ አልደከመም። አሮጌውም አልደከመም ነበር። የሚጽፈው ነገር ግን ከተባለው ይበልጣል። ሁሉም ያዘነልኝና ዝም ያለኝን ነገር ሳያዝንልኝ የነገረኝ እሱ ነው። ለዚህ ልጠላው ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። እስካሁን ከያዝኩት ዕቃ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ዲንሳ ከሚኒባሱ ተቀበለኝ። ሻንጣዬን ወሰደ፣ ግንባሩን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ጥቂት ቆመ። ምንም አላለም፤ ወይም ብሎ ከሆነ አላየሁትም።

ማዕረግ ከስታለች። ሳመችኝ፣ ምሳ አቀረበች፣ አልተናገረችም። ቅዳሜ እንዲሁ አለፈ። እሑድም። ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ ለካ ያለ ኔትወርክ አይጽፍም፣ ስልኩን ብከፍተው ባዶ ነጭ ሆኖ ቀረ። ዝምታችንን የሚጽፍ ቢሆን እንኳ አይጽፍም ነበር።

ዛሬ ማዕረግ ከሥራ ስትመለስ ዲንሳ በእጁ እያመለከተ ነገረኝ፦ ከግብርና ጽሕፈት ቤቱ ጀርባ፣ አጥሩ ጋ፣ ኔትወርክ ይገኛል። ለማዕረግም የሆነ ነገር አላት። ነጠላዋን አንሥታ ወጣች፣ ተከተልኳት።

ባሕር ዛፎቹ ሥር የተቆለለ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ፀሐይ ገና አልገባችም። ስልኩን በመካከላችን አስቀመጥኩት።

"ማዕረግ፣ ጆሮዬ አይሰማም። ያን ቀን የሰማሁት ወንድ መሆኑን ብቻ ነው። ሌላውን አልሰማሁም። ይህ ስልክ የምትይውን ይጽፍልኛል። የፈለግሽውን በዪኝ።"

ስልኩን አየችው፣ እኔን አየችኝ። አላመነችኝም መሰለኝ። ከዚያ ጀመረች።

"በሩን በሩን ሳይ ነበር አሁን ትመጣለች አሁን ትመጣለች እያልኩ።"

"ልጄ ሞቶ ተመስገን አልሽኝ።"

"ዲንሳ የደበቀውን ኮፍያ አገኘሁት ልትሳለቂብኝ የላክሽው መሰለኝ።"

"ስንት ጊዜ ነገርኩሽ እማዬ ሐኪም ጋ ሂጂ ጆሮሽን አሳዪ አልኩሽ አንቺ ሰዉ ሁሉ ያጉረመርማል ትያለሽ።"

ይህንን መቼ እንዳለችኝ አላስታውስም። ስትለኝ አልሰማኋት ይሆናል። አላቋረጥኳትም። "እኔ እኮ" የሚል ቃል አፌ ላይ ሦስት አራት ጊዜ መጥቶ ዋጥኩት። የጻፈውን ሁሉ አነበብኩ። ቁጣ ይሁን ለቅሶ ጽሑፉ አይለይም፤ ለዚያ ፊቷን አያለሁ። ፊቷንና ፊደሉን፣ ፊቷንና ፊደሉን።

ከዚያ ጽሑፉ መሃል ላይ ቆመ። ኔትወርኩ ሄደ። ስልኩን ከፍ አደረግኩት፣ ዝቅ አደረግኩት፣ ተነሥቼ ወደ አጥሩ ያዝኩት። ምንም የለም። ዞር ስል ማዕረግ አላወቀችም፤ ዓይኗ መሬት ላይ ነው፣ አፏ ይንቀሳቀሳል።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። አገጯን በእጄ ይዤ ወደ እኔ አዞርኳት።

"አልሰማሁም" አልኳት። "ድገሚልኝ።"

አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠግታ ደገመችልኝ። ትንፋሿ እንጂ ቃሏ አልገባኝም።

"አሁንም አልሰማሁም።"

ደገመችልኝ።